«ቢያንስ» እና «ቢበዛ»

ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ በሲናና በኩል፣ አንድ አባወራ ስንዴውን አሳጭዶ ጆንያውን ደርድሮ ቆሟል እንበል። ጎረቤቱ መጣና «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ትሸጣለህ?» ሲል ጠየቀው። አባወራው ትንሽ አሰበና እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «ቢያንስ ስድስት መሸጥ አለብኝ፤ ዕዳ አለብኝ። ቢበዛ ግን ከስምንት አላልፍም፤ ልጆች አሉኝ።»

ይህ ሰው አንድ ቁጥር ቆርጦ አልተናገረም። ስድስት ነው አላለም፤ ስምንት ነውም አላለም። ነገር ግን ንግግሩ ግልጽ ነው። በሁለት በኩል ድንበር አበጀ። እርሻ ድንበር እንዳለው ሁሉ ቁጥርም ድንበር አለው። በወዲህ በኩል «ቢያንስ» ቆሟል፤ በወዲያ በኩል «ቢበዛ» ቆሟል። በመካከል ያለው ሁሉ ለአባወራው የተፈቀደ ነው።

በባሌ ብዙ ሰው በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛም ነገሩ ያው ነው። ለ«ቢያንስ» «ዮ ጢቃቴ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ካነሰ» ማለት ነው። ለ«ቢበዛ» ደግሞ «ዮ ባይኣቴ» ይባላል፤ ይህም «ከበዛ» ማለት ነው። እንግዲህ ትምህርቱን ፊደል ከመቁጠራችን በፊት በአፋችን እናውቀው ኖሯል። አሁን የቀረን በወረቀት ላይ መጻፉ ነው። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ስሙ «ያለእኩልነት» ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ።

ምልክቶቹ እነሆ፦

8 > 6 — ስምንት ከስድስት ይበልጣል።
6 < 8 — ስድስት ከስምንት ያንሳል።

ሰፊው አፍ ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ይከፈታል። የሾለው ጫፍ ወደ ትንሹ ይጠቁማል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች በቶማስ ሃሪየት መጽሐፍ ላይ ወጡ። ሃሪየት እንግሊዛዊ ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1631 ነው። ከምልክቱ ሥር አንድ ጭረት ሲጨመር «እኩልም ቢሆን ይሁን» ማለት ነው። ስለዚህ «ቢያንስ ስድስት» በጽሑፍ እንዲህ ይሆናል፦

ሀ ≥ 6

«ቢበዛ ስምንት» ደግሞ፦

ሀ ≤ 8

ሀ ማለት ገና ያልታወቀው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ የሚሸጠው ኩንታል ማለት ነው። ሌላ ፊደል ብትጽፉም ስሕተት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አባወራው ስድስትን ከየት አመጣው? ከሰማይ አልወረደለትም፤ አስልቶ ነው። ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘርና ለኮምባይነር የተበደረው 24,000 ብር አለበት እንበል። ገበያው ለአንድ ኩንታል ስንዴ 4,000 ብር ይከፍላል እንበል። (ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። እናንተ ስታሰሉ የዕለቱን ዋጋ አስገቡ።) የሚሸጠው ኩንታል በ4,000 ሲባዛ ከዕዳው ማነስ የለበትም። ይህንን እንጻፍ፦

4,000 × ሀ ≥ 24,000

ሀን ብቻውን ለማስቀረት ሁለቱንም ወገን ለ4,000 እናካፍላለን፦

ሀ ≥ 6

ስድስት የመጣው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ወገን ለምን እናካፍላለን? በሚዛን አስቡት። በአንደኛው ወገን 3 ኪሎ፣ በሌላው 2 ኪሎ ገብስ አለ። ሦስቱ ይከብዳል። ሁለቱንም ወገን እጥፍ ብታደርጉት 6 እና 4 ይሆናል፤ ያው ወገን ይከብዳል። ሁለቱንም በግማሽ ብትቀንሱት 1.5 እና 1 ይሆናል፤ አሁንም ያው ወገን ይከብዳል። በአንድ ዓይነት ቁጥር ሁለቱንም እስካበዛችሁ ወይም ሁለቱንም እስካካፈላችሁ ድረስ የሚዛኑ ዝንባሌ አይለወጥም። አንዱን ወገን ብቻ ከነካችሁ ግን ሚዛኑን አጭበረበራችሁ ማለት ነው።

ስምንትስ ከየት መጣ? ምርቱ 18 ኩንታል ነው። ለቤት ቀለብና ለዘር 10 ያስፈልጋል። የቀረው 8 ነው። ከዚህ የበለጠ ከሸጠ የሸጠው ትርፍ ስንዴ ሳይሆን የልጆቹን ምሳ ነው።

ይህንን በሥዕል ማየት ይቻላል። ወረቀት ከሌለ በአውድማው አፈር ላይ በበትር ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። እኩል እኩል እየተራመዳችሁ ቁጥሮቹን ጻፉ። በ6 ላይና በ8 ላይ ጠጠር አስቀምጡ። በሁለቱ ጠጠሮች መካከል ያለውን መስመር በእግራችሁ ደልድላችሁ አጉሉት።

0   1   2   3   4   5   6●━━━7━━━●8   9   10

የጎላው ክፍል የተፈቀደው ነው። ጠጠሮቹ ሙሉ ሆነው የተሣሉት ስድስትም ስምንትም ራሳቸው የተፈቀዱ ስለሆኑ ነው። አባወራው «ዕዳዬን ከፍዬ ለጨውና ለስኳር ጥቂት ብር ይትረፈኝ» ቢል ግን ስድስት አይበቃውም፤ ከስድስት ማለፍ አለበት። ያን ጊዜ የሚጻፈው ሀ > 6 ነው። በ6 ላይም ጠጠር አይቀመጥም፤ ባዶ ክብ ይሣላል። ክቡ ባዶ ነው ማለት እዚህ ድንበር አለ፣ ድንበሩ ራሱ ግን የእኛ አይደለም ማለት ነው።

0   1   2   3   4   5   6○━━━7━━━●8   9   10

እስካሁን ያየነው ገበያው 4,000 ሲከፍል ነው። ገበሬውን የሚጎዳው ዋጋው ሲወድቅ ነው። አጨዳ ሲያበቃ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እህሉን ያወጣል። ዋጋ ይወርዳል። አበዳሪው ደግሞ በዚያው ሰሞን «አምጣ» ይላል። ስለዚህ አባወራው ከቤቱ ሳይወጣ አንድ ሌላ ነገር ማስላት ይገባዋል፦ ዋጋው እስከ ስንት ቢወርድ ነው የማልጎዳው?

መሸጥ የሚችለው ቢበዛ 8 ኩንታል ነው። ስለዚህ የኩንታሉን ዋጋ ዋ ብለን እንጻፍ፦

8 × ዋ ≥ 24,000

ሁለቱንም ወገን ለ8 ብናካፍል፦

ዋ ≥ 3,000

እነሆ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ታወቀ። ነጋዴው 3,000 ካለ ስምንቱም ኩንታል ይሄዳል፤ ዕዳውም ይከፈላል። ነጋዴው 2,800 ካለ ግን ስምንት ኩንታል 22,400 ብር ብቻ ያመጣል። የጎደለው 1,600 ብር ከቀለቡ ወይም ከዘሩ ይወጣል ማለት ነው። በገበያ መሐል ቆሞ፣ ደላላው እየጮኸ፣ ይህንን ማስላት ያስቸግራል። ቤት ተሠርቶ 3,000 የሚል ቁራጭ ወረቀት በኪስ ከተያዘ ግን «ዛሬ አልሸጥም» ማለት ይቻላል። ወይም «ግማሹን ዛሬ ልሽጥ፣ ለቀረው ዕዳ ቀን ስጡኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ሌላ ምሳሌ ከእርሻ እንውሰድ። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታረሳል፣ ሁለት ጊዜ ይታጨዳል። በልጉ «ገና» ይባላል (የልደት በዓል አይደለም፤ የኦሮምኛ የወቅት ስም ነው)። መኸሩ «ቦና» ይባላል። የገናው እህል በሐምሌ ገደማ ሲነሣ የቦናው ዘር ወዲያው ይጠብቃል። ፋታው አጭር ነው። መሬቱ ለእርሻ የሚመቸውም ዝናቡ ጋብ ባለባቸው ጥቂት ቀናት ነው።

ጥማድ የሚለውን የመሬት ስፍር ታውቁታላችሁ። ስሙ የመጣው ከበሬዎቹ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ጥማድ ተባለ። ሦስት ጎረቤታሞች በደቦ 12 ጥማድ መሬት ሊያርሱ ተስማሙ። ያላቸው 5 ቀን ነው። ስንት ጥማድ በሬ ያስፈልጋቸዋል? የበሬውን ጥማድ በ እንበለው፦

5 × በ ≥ 12
በ ≥ 2.4

ሁለት ነጥብ አራት ጥማድ በሬ የት ይገኛል? የለም። ሁለት ጥማድ በአምስት ቀን የሚያርሰው 10 ጥማድ መሬት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጥማድ ሳይታረስ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ላይ ወጥተን 3 እንላለን። እንዲያውም መሬቱ ከደረቀ ወይም በሬዎቹ ከከሱ አንድ ጥማድ በሬ በቀን ሙሉውን ጥማድ አይጨርስም። ሒሳቡ ይህንን አይነግራችሁም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ዘሩ ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። በቤት ያለው ዘር 100 ኪሎ ነው። ለአንድ ጥማድ መሬት 40 ኪሎ ይዘራል እንበል።

40 × ጥ ≤ 100
ጥ ≤ 2.5

ቢበዛ ሁለት ጥማድ ተኩል ይዘራል ማለት ነው። መሬት ሊገመስ ስለሚችል ተኩሉን መዝራት ይቻላል። ጥያቄው ስለ በሬ ወይም ስለ ሰው ቢሆን ኖሮ ወደ ታች ወርደን 2 እንል ነበር። ልብ በሉ፦ የማይገመስ ነገር ሲሆን «ቢያንስ» ወደ ላይ ያወጣል፤ «ቢበዛ» ወደ ታች ያወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄው በማካፈል ሲመጣ የምንፈታው በማባዛት ነው። ሦስት ወንድማማቾች የጋራ እርሻቸውን ምርት እኩል ይካፈላሉ። ለእያንዳንዱ ቢያንስ 4 ኩንታል እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ሀ ÷ 3 ≥ 4 ብለን ሁለቱንም ወገን በ3 ብናባዛ ሀ ≥ 12 ይሆናል። ከአውድማው 12 ኩንታል ካልወጣ አንዱ ማኩረፉ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ትንሽ ጠንከር ይላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ሁለት ጊዜ ብታነቡት ነውር የለውም።

እስካሁን ያባዛነውም ያካፈልነውም በኪስ ባለ ቁጥር ነበር። ዕዳስ? ዕዳን ስንጽፍ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት እናደርጋለን። ሦስት ብር ያለው 3 ነው። ሦስት ብር ዕዳ ያለበት −3 ነው። ምንም የሌለው 0 ነው። በመስመሩ ላይ ዜሮን መሐል አድርጉት። በቀኝ ሀብት፣ በግራ ዕዳ፦

−4   −3   −2   −1   0   1   2   3   4

ሦስት ብር ያለው ሁለት ብር ካለው ይሻላል፤ 3 > 2። አሁን የሁለቱንም ሰዎች ገንዘብ ወደ ዕዳ ገልብጡት። የመጀመሪያው ሦስት ብር ዕዳ አለበት፤ ሁለተኛው ሁለት ብር ዕዳ አለበት። አሁን የሚሻለው ማን ነው? ሁለተኛው ነው። የተሻለው ወደ ኋላ ቀረ፤ የባሰው ቀደመ፦

−3 < −2

ምልክቱ ተገለበጠ። ሁለቱንም ወገን በ−1 ስላባዛን ነው። ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሁለቱንም ወገን ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ስናባዛ ወይም ስናካፍል የምልክቱ አፍ ይዞራል። ይህንን በቃል ብቻ የያዘ ሰው ይረሳዋል። ባለዕዳዎቹን የሚያስብ ሰው ግን አይረሳውም።

ከዜሮ በታች የሚወርደው ዕዳ ብቻ አይደለም፤ ብርድም ይወርዳል። ከሮቤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጎባ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ የሳኔቲን አምባ ያቋርጣል። ሳኔቲ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሳኔቲንና ቱሉ ዲምቱን ያቅፋል። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ውሃ የሚረጋው 0 ዲግሪ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት በጎባ 6 ዲግሪ ሆነ እንበል። ከጎባ በላይ ምን ያህል ከፍ ሲባል ነው ውርጭ የሚጀምረው? ከፍታውን በሺህ ሜትር እየቆጠርን ከ እንበለው። ከጎባው 6 ዲግሪ ላይ በየሺህ ሜትሩ 6 እንቀንሳለን፤ ውጤቱ ቢበዛ 0 እንዲሆን፦

6 − 6 × ከ ≤ 0

ከሁለቱም ወገን 6 እንቀንስ፦

−6 × ከ ≤ −6

አሁን ሁለቱንም ለ−6 እናካፍል። ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ስላካፈልን አፉ ይዞራል፦

ከ ≥ 1

ከጎባ በላይ 1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከ3,700 ሜትር ጀምሮ ውርጭ አለ። ሳኔቲ ከዚህ በላይ ስለሆነ ውርጩ ያገኘዋል።

አፉን ማዞር የረሳ ሰው ምን ያገኛል? ከ ≤ 1 ይላል። በዚህ ሰው ሒሳብ ያን ሌሊት ጎባ ውርጭ ወረደባት፤ ሳኔቲ ግን ሞቃት ሆነ! በሌሊት ሳኔቲን ያቋረጠ ማንም ሰው በዚህ ይሥቃል። ስለዚህ መልስ ካገኛችሁ በኋላ አንድ ቁጥር ወስዳችሁ ፈትኑት። ከ 2 ቢሆን 6 − 12 = −6 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች ነው፤ ልክ ነው። ከ 0 ቢሆን ጎባ ራሷ ናት፤ 6 ዲግሪ፤ ውርጭ የለም። ይህም ልክ ነው። ማዞሩ የሚያምታታው ሰው ሌላ መንገድም አለው፦ መጀመሪያ በሁለቱም ወገን 6 × ከ ይደምር። 6 ≤ 6 × ከ ይሆናል። ከዚያ ለ6 ሲያካፍል 1 ≤ ከ ያገኛል። መልሱ ያው ነው፤ ምንም አልተገለበጠም።

(እውነቱን ለመናገር ብርድ እንዲህ ሥርዓት ይዞ አይሄድም። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወርዶ በረባዳ ሜዳ ይተኛል፤ ከተዳፋቱ ገብስ ይልቅ የረባዳው ገብስ ሊመታ ይችላል።)

መልመጃ

1. አንድ አህያ ቢበዛ 50 ኪሎ ይጭናል። 220 ኪሎ ገብስ በአንድ ጊዜ ጎባ ለማድረስ ቢያንስ ስንት አህያ ያስፈልጋል?

2. 5 × ሀ ≤ 40። ሀን ፈልጉና በመስመር ላይ ሣሉት። በድንበሩ ላይ ጠጠር ይቀመጣል ወይስ ባዶ ክብ ይሣላል?

3. −2 × ሀ ≥ −8። ሀን ፈልጉ። መልሳችሁን በ3 እና በ5 ፈትኑት። የትኛው ቁጥር ያልፋል?

መልስ፦ 1. አምስት አህያ (4.4 ይመጣል፤ ወደ ላይ ይወጣል)። 2. ሀ ≤ 8፤ ጠጠር። 3. ሀ ≤ 4፤ ሦስት ያልፋል፣ አምስት አያልፍም።

4. የዘንድሮ ዕዳችሁን ጻፉ። ከምርታችሁ ላይ የቀለቡንና የዘሩን ቀንሳችሁ ቢበዛ ስንት ኩንታል መሸጥ እንደምትችሉ ጻፉ። ዕዳውን ለኩንታሉ አካፍሉ። ዋ ቢያንስ ስንት ሆነ? የዚህኛው መልስ እዚህ አልተጻፈም።